«ኤ» ያልገባበት ካምፓኒ

ለታናሽ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በፖስት ካርዱ ጀርባ «አይ ሃቭ ካምፓኒ ናው» ብለህ የጻፍክልኝ ደርሶኛል። እንግሊዝኛ ባልማርም ካምፓኒ ምን እንደሆነ አላጣውም፤ የሆቴላችን አንሶላ የሚመጣው ከካምፓኒ ነው። ወንድሜ ድርጅት ከፈተ ብዬ ለልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሁሉ አወራሁ። አለቃችን ሳትቀር «አንቺማ ከእንግዲህ ምን አለብሽ» አለችኝ። ቢሮ ያለ መጋረጃ አያምርም ብዬ ሰማያዊ መጋረጃ ሰፋሁ፤ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ሳልነግርህ መጣሁ።

አዎ፣ ማክሰኞ ዕለት ቤትህ ነበርኩ።

በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። እኔ የሠራሁልህን ቡናማ ሹራብ ለብሳለች፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ። «ሥራ ላይ ነው፤ ማን ልበለው?» አለችኝ በትሕትና። በገዛ ወንድሜ ደጅ፣ ማን ልበለው። እህቱ ነኝ ማለት አቃተኝና «መጋረጃ ሰፊዋ ነኝ» አልኳት። አስገባችኝ። ወንበር ስቤ ስወጣ «ይቅርታ፣ ባግዝሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሐኪሙ ወንበር ላይ እንዳልወጣ ከልክሎኛል» አለች። ከዚያ ወሬ ጀመረች። ታላቅ እህት እንዳለችህ ነገረችኝ። «እንደ እናቱ ነው የሚያያት። ትቀየመኛለች ብሎ ስለ እኔ እስካሁን አልነገራትም» አለችኝ።

እንዲህ መቅናት እንደምችል አላውቅም ነበር። እናታችን ካረፈች ጀምሮ አጥቤ፣ አብልቼ፣ ትኩሳትህን በመዳፌ ለክቼ ያሳደግኩህ እኔ፣ የወንድሜን ምስጢር ከሰው አፍ ሰማሁ። ያውም ወንበር ላይ ቆሜ።

ስመለስ «ዋሽቶኛል» ብዬ ካርዱን ለእንግዳ ተቀባይዋ አሳየኋት። አነበበችውና ሳቀች። «አልዋሸሽም። ከፊቱ ‹ኤ› ቢገባበት ኖሮ ድርጅት ነበር። እንዲህ ባዶውን ሲሆን ግን ‹ብቻዬን አይደለሁም፣ ሰው አብሮኝ አለ› ማለት ነው። አንድ፣ ሁለት ተብሎም አይቆጠርም» አለችኝ። እኔ ግን ቆጥሬ መጥቻለሁ።

ነግረኸኛል ማለት ነው፤ በማልሰማው ቋንቋ። ፈሪ።

አልወደድኳትም፤ እንድዋሽህ አትጠብቅ። ሳቋ ይረዝማል፣ ስምህንም አቆላምጣ ነው የምትጠራው፤ እኔ ብቻ በምጠራህ ስም። ነገር ግን መጋረጃውን ሰቅዬ እስክጨርስ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛልኝ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልችልም። እግሯ አብጧል። ከባድ ዕቃ አታስነሳት።

መጋረጃውን ማን እንደሰቀለው ንገራት። ፈጣሪ ቤታችሁን ይባርክ፣ ክፉ አያሳያችሁ። የምትወልድበትን ወር ብቻ ቀደም ብለህ ጻፍልኝ፣ በሚገባኝ ቋንቋ። አለቃችን ረጅም ፈቃድ የምትሰጠው አስቀድሞ ለጠየቃት ነው።

የምትፈራት ታላቅ እህትህ