ሰው ሁሉ ደግ ስለሆነብኝ የቀረበ አቤቱታ

ለጤና ተቋማት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ጥቅምት 14
ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ የተወሰነብኝ የሕክምና ክልከላ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ቤት ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ከመወጣጫ ወድቄ ከአንገቴ በታች አካሌ አልታዘዝ ካለኝ ወዲህ የምኖረው በእንክብካቤ ማዕከል ውስጥ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ እህቴ ናት። እጄ ሰነፈ እንጂ አፌ እንደ ድሮው ነው፤ እሷም ትመሰክራለች።

2. ሰሞኑን ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። አልበላም ስል “አንተ ግትር፣ በግድህ ትውጣታለህ” ትለኝ የነበረችው ነርስ፣ አሁን “እንደፈቀድክ የኔ ጌታ” ብላ ሳህኑን ታነሳለች። የጎን አልጋው ጡረተኛ ሹፌር፣ በአፌ እያዘዝኩት የእኔንም ጠጠር እያንቀሳቀሰ አብሮኝ ዳማ ይጫወታል። በጨዋታ ለእናቱም የማይራራ ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ደጋግሞ ተሸነፈልኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

3. አፋጥጬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። “እሱ ነገረኝ እንዳትል ወንድሜ፤ ሳንባህ እንደ አምናው ቢታመም አያክሙህም አሉ” አለኝ። የማዕከሉ ሐኪምም ስጠይቀው አልካደም። የማዕከሉ የሕክምና ኮሚቴ የኑሮ ጥራቴን መዝኖ ዝቅተኛ ሆኖ ስላገኘው፣ ሕመሙ ቢመለስ መድኃኒት ቀርቶብኝ “በሰላም እንዳርፍ” ወስኗል። ታላቅ ወንድሜን ጠይቀውት ኖሯል፤ እሱም “ይሄ ምን ኑሮ ነው” ብሎ አልቅሶ ፈረመ። አልቀየመውም፤ ባየኝ ቁጥር የሚታየው የወደቅኩበት ቀን ነው። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ የተሰበሰቡትም ከክፍሌ አጠገብ ነበር።

4. ኑሮዬ አማረ አልልም። ይመረኛል፤ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ስታርፍ እሽ የሚልልኝ ሰው እጠብቃለሁ። ግን ጠዋት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ስትወጣ፣ የቀባው ሰው ስንፍና ፍንትው ብሎ ይታየኝና እስቃለሁ። ሹፌሩንም አንድ ቀን ከልቡ እየተጫወተ ላሸንፈው እፈልጋለሁ። ይህ በኮሚቴው ሚዛን ስንት እንደሚመዝን አላውቅም። ጤነኛውን ሰው ግን “ኑሮህ አምሯል ወይ?” ብሎ ከሐኪም ቤት በር የሚመልሰው የለም።

5. ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ፣ ብታመም እንደማንኛውም ሰው እንድታከም በአክብሮት አመለክታለሁ። መልስዎ እንዲፈጥን የምለምነው ወድጄ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ሳል ጀመረኝ። ነርሷ ሰማች። መጥታ ብርድ ልብሴን አስተካከለች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሐኪም ሳትጠራ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

መልስዎን በሕይወት ከሚጠብቅ ሰው
ከሰላምታ ጋር

አመልካች፦ ቀለም ቀቢው
(ስለ እርሱ እህቱ ፈርማለች)