ከግራው ምሰሶ ዐሥራ ሰባት እርምጃ

ሐጅ ዩሱፍ፣ ካርቱም
ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፋጤ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ክረምቱን መነሳት አቅቶሽ እንደነበር ሰዎች ነግረውኛል። ካለቀስንበት ቀን ወዲህ ስልኬን እንደማታነሺ ስላወቅሁ በወረቀት መጣሁብሽ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ትዕዛዝ የሚባል፣ በመተማ በኩል ዕቃ የሚያመላልስልኝ የታመነ ሰው ነው። ምሳ ሳይበላ አትስደጂው። ጊዜ የለኝም ይልሻል፤ ውሸቱን ነው።

እኔ ደህና ነኝ። በጦርነቱ ከሸሸሁበት ከገዳሪፍ ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የሱቄ በርም ጣራም ተወስዶ ስለጠበቀኝ፣ ሸራ ወጥሬ በርበሬና ኮረሪማ እሸጣለሁ። ሚዛን የለኝም፤ በጣሳ ነው የምሰፍረው። ሰው እየተመለሰ ነው። መብራት አንድ ቀን ይመጣና ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ግን እንደ ድሮው መንገዱን ሞልተውታል። ስለ እኔ አታስቢ። የጻፍኩልሽ ስለ ሀኒፋ ነው።

ከቤቴ ጀርባ ያለውን የኳስ ሜዳ ነግሬሻለሁ። በጦርነቱ ወደ መቃብር የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ቀበርንበት፤ ልጅሽም እዚያ ናት። አሁን የሰፈሩ ኮሚቴ፣ እዚህ ለጅና የሚሉት፣ በዚያ ሜዳ ላይ ጣራና ግድግዳ ያለው የስፖርት አዳራሽ ሊሠራ ነው፤ የመረብ ኳስና የቅርጫት ኳስ መጫወቻ። ብረቱን ውጭ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች ገዝተው ልከዋል። ረመዳን ሳይገባ አስከሬኖቹ ወጥተው ወደ ዋናው መቃብር ይዛወራሉ፤ መሠረት የሚቆፈረው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ የታወቀና ቤተሰቡ በጽሑፍ የፈቀደለት በስሙ ይቀበራል። የቀረው «መጅሁል» ተብሎ፣ ማለት ማንነቱ ያልታወቀ ተብሎ፣ ቁጥር ይለጠፍበታል። ሀኒፋ ቁጥር እንዳትሆን ነው የምለምንሽ።

መጀመሪያ ስሰማ እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር። በሙታን ላይ ኳስ ሊያነጥሩ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሳልሸጥ ዋልኩ። በማግስቱ ሄጄ ሜዳውን አየሁት። በየራስጌው የተከልነው እንጨት ተለቅሞ ማገዶ ሆኗል። ፍየል ይጋደምበታል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል። እንዲሁ ቢተው የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ ተቆጥቼ ከመቅረት ስብሰባው ላይ መገኘት ይሻላል አልኩ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሀኒፋ ኳስ ትጫወት እንደነበር አልነገረችሽም ይሆናል፤ ትቆጣኛለች ብላ። አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ዕረፍቷ ዓርብ ነበር። ዓርብ ዓርብ ወደ እኔ ትመጣና፣ ከአገራችን ልጆች ጋር ሆና የከረጢት ማሰሪያ ገመዴን ከጎሉ ምሰሶ እስከ ኒሙ ዛፍ ወጥራ መረብ ኳስ ትጫወታለች። ቀሚሷን በወገቧ ሸብ አድርጋ ስትዘል ብታያት! ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወንዶች ይሰበሰባሉ፣ ያፏጫሉ፣ አንዱ ኳሱን ቀምቶ ይሮጣል። አኩርፋ ትመጣና «አክስቴ፣ ምነው ይሄ ሜዳ ግድግዳ በኖረው!» ትለኛለች። «እኔ ሱቄን ያጠርኩበት ግድግዳ አልበቃኝም፣ ላንቺ ሜዳ ልጠር?» እላት ነበር።

ማስታወሻ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። መሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ከተማርን ጀምሮ ቀኔን ሳልጽፍ አላድርም። በጦርነቱም ወንዶቹ ሲቆፍሩ እርሳስ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እያንዳንዱን ሰው ከጎሉ ግራ ምሰሶ ተነስቼ ስንት እርምጃ ላይ እንደተኛ ቆጥሬ ከነስሙ ጻፍኩ። ያን ደብተር ገዳሪፍ ድረስ በሆዴ ታጥቄ ወስጄ መለስኩት።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። ሰብሳቢው ሙስዐብ የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ኡስታዝ እንለዋለን። የአዳራሹን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ካስረዳ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሐጃ ዘሊካ፣ ደብተርሽ ተርፏል ይባላል።»

«ተርፏል።»

«እንግዲያውስ አምጪልን። ያለ እሱ ማን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።»

«አመጣለሁ። ግን ዋጋ አለው።»

ጃፋር የሚባለው፣ ከኮሚቴው ሁሉ አፈኛው፣ ጭኑን በእጁ መታ። «ወላሂ፣ ሐበሺያዋ ሙታናችንንም በጣሳ ልትሰፍርልን ነው!» ሰዉ ሳቀ።

«አንተ ግን ጣሳውንም አትሞላ፣ ያ ጃፋር» አልኩት። አሁን ደግሞ በእሱ ሳቁ።

ኡስታዝ አልሳቀም። «ስንት ነው ዋጋው?»

«ዓርብ ነው።»

«የምን ዓርብ?»

«ዓርብ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ፣ አዳራሹ የሴት ልጆች ይሁን። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ። ቁልፉ ሀዋ ዘንድ ይሁን።»

ሀዋ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ሀኒፋን ለቀብር ያጠበቻት እሷ ናት፣ አላህ ይስጣት።

«ለቤት ሠራተኞች ጨዋታ ነው እንዴ ብረት የምንሸከመው?» አለ ጃፋር።

ሀዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እናትህን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ስንተኛው እርምጃ ላይ እንደተኛች ታውቃለህ?»

የእሱም እናት እዚያው ሜዳ ላይ ናት። እሷ ስትሞት እሱ ሸሽቶ መደኒ ከተማ ነበር። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ኡስታዝ «ይጻፍ» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሲጻፍ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ተነበበልኝ፤ ፈረሙ። ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ፣ እምቢ ቢሉኝም ደብተሩን እሰጣቸው ነበር። የሰው እናት ደብቄ የት እደርሳለሁ? ይህን ግን እነሱ አያውቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ተገናኘን። ተውፊቅ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ሜትር ይዞ መጣ። የጎሉን ምሰሶዎች በዘረፋው ጊዜ ለብረታቸው ቆርጠው ወስደዋቸዋል። እሱ ተስፋ ቆረጠ፤ እኔ መጥረጊያ አስመጣሁ። ቆራጩ ሰው ብረቱን ከነሥሩ እንደማይነቅል አውቃለሁ፤ ሲሚንቶ ውስጥ ነበር የተተከለው። አሸዋውን ስንጠርግ ተቆርጦ የቀረው የግራው ምሰሶ ጉቶ ተገኘ።

«ስንት ሜትር?» አለኝ ተውፊቅ።

«ሜትር አይደለም፣ እርምጃ ነው።»

«የማን እርምጃ?»

«የእኔ።»

ልጁ ኡስታዝን ዞሮ አየው። ኡስታዝ «ትራመድ» አለው።

ከጃፋር እናት ጀመርኩ፤ ዘጠኝ እርምጃ ወደ ኒሙ። በራስጌዋ ሰማያዊ የሸክላ ንጣፍ ስባሪ ቀብሬ ነበር፤ እሱንም ጽፌዋለሁ። ጃፋር ራሱ ተንበርክኮ በእጁ ማሰ። ስባሪው ሲወጣ በኩታው ጠርጎ ያዘው፤ እስክንጨርስ ድረስ ከእጁ አላወረደውም። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ሜትር አላነሳም።

ሀኒፋን መጨረሻ ላይ አደረግኋት። ዐሥራ ሰባት እርምጃ። ቆጥሬ ቆምኩ። ሀዋ ናት የማሰችው። አንድ ክንድ ሳይሞላ ምልክት ያደረግሁት የብረት ሳህን ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ተውፊቅ።

«የሚዛን ሳህን ነው» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ዐሥራ ዘጠኙም ተገኙ። አሁን የዐሥራ ስምንቱ ወረቀት ተሟልቷል። የቀረው የሀኒፋ ነው። አክስት መፈረም አትችልም አሉኝ፤ አባቷ ስለሌለ እናት ናት። ቅጹን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ስሟን እስከ አያቷ ጻፊ፣ ፈርሚ፣ የቀበሌ ማኅተም አስመቺ። ትዕዛዝ የካቲት መጀመሪያ ላይ ሲመለስ ደጅሽ ይመጣል።

አሁን ከባዱ ቀረኝ። ሀኒፋ የሞተች ቀን በስልክ «ጓደኞቼ ጋ ልሂድ ብላ ወጣች» ብዬሽ ነበር። አንቺም «እንዲህ ባለ ቀን ምን አስወጣት? አልሰማም ባይ!» ብለሽ ለሞተች ልጅሽ እየተቆጣሽ አለቀስሽ። እኔ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ተኩል ዝም እንዳልኩ ነው። ኮሚቴው ደብተሩን ሲረከበኝ የሀኒፋን እርምጃ በሌላ ወረቀት ገልብጬ ሰጠሁና የዚያን ቀን ገጽ ቀድጄ አስቀረሁ። ገጹ ያንቺ ነው። ከቅጹ ሥር ታጥፏል። ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። አንብበሽ እኔን ዳግመኛ ባትጠሪኝ አልቀየምሽም። ለእሷ ግን ፈርሚላት።

አዳራሹ ሲያልቅ፣ አላህ ካለ፣ የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ገመድ ሳይሆን እውነተኛ መረብ ይወጠራል። መረቡን እኔ ገዝቻለሁ። ወገብሽን አላህ ያበርታልሽ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ የቀሩልሽን ልጆች ያቆይልሽ። የሀኒፋን ማረፊያ ሰፊ ያድርግላት።

እህትሽ ዘሊካ

እርሳሱ ስለደበዘዘ የገጹን የላይኛውን መስመር እዚህ ገልብጬልሻለሁ፦

«ማክሰኞ፣ የዐረፋ ቀን። የዒድ ገበያ ስላለ ሚዛኑን ከሱቅ እንድታመጣልኝ ሀኒፋን ላክኋት። አክስቴ፣ ዛሬ ይቅርብን ብላኝ ነበር።»