ጠበል የጠጣች መኪና

ቢቸና፤ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? የእናታችንስ ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአባታችን ኀዘን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። እዚህ ቢቸና ክረምቱ ቀድሞ ገብቷል፤ የገበያው ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም።

እስከዚህ ያለውን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለእናታችን አንብቢላቸው። ቀጥሎ ያለው ያንቺ ብቻ ነው፤ የእሳቸውን ከታች ለይቼ ጽፌዋለሁ።

የአጎታችን ልጅ ደምለው መልእክቱን አድርሶኛል። እየተንተባተበ ነው የነገረኝ፤ እናታችን ቂሙን ሳይናዘዝ ለአርባው ደጄን እንዳይረግጥ ብለዋል አለኝ። አባታችን እያጣጣሩ ሲጠሩኝ፣ የጥምቀቱን ነገር በሆዴ ይዤ ሆን ብዬ እንደዘገየሁ ነው የሚያምኑት። እህቴ፣ ይህ ነገር እህል አላስበላኝም።

ቂም አልነበረብኝም ብዬ አልዋሽሽም። አባባ በጥምቀት በሰው ፊት፣ ልጄ የቅኔ ወንበሬን ንቆ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆኑ ሲያንሰው ለዘመድ ቦታ የሌላት መኪና ገዛ ብለው ሲያሳፍሩኝ አንጀቴ አርሯል። እውነታቸውን ነበር። ያ የመንገድ መሐንዲስ ፈረንጅ ሸጦልኝ የሄደው አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም፤ ከመሬት ከፍ ስለማትል የቢቸና ሰው እንቁራሪት ይላታል። ሳልሰናበታቸው ልሄድ ስል እናታችን ተከትለውኝ ወጡና በቅል የያዙትን ጠበል በገዛ እጃቸው ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆሩት፤ ልጄን ከመንገድ አደጋ ጠብቅልኝ እያሉ። ሌላ ውኃ እንዳይነካት አደራ አሉኝ። አሮጌ ሞተር ውኃ ይወዳል፤ በጎደለ ቁጥር በገበያ ሰው እጅ የሚልኩልኝን ጠበል ስጨምር ኖርኩ። አባቴን ያስቀየምኩ ሰው የእናቴን አደራ እንኳ ልጠብቅ ብዬ ነው።

ደምለው መጥቶ አባትህ ይጠሩሃል ያለኝ ዕለት ልብስ እንኳ ሳልቀይር ተነሣሁ። ደብረ ወርቅን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ሞተሩ ፈላ። ቆሜ አቀዘቀዝኩት፣ ትንሽ እንደሄድኩ ደግሞ ፈላ። የሚጭነኝ ሌላ መኪና ባጣ ከአንድ ገበሬ ግቢ አስጠጋኋትና በእግሬ ሞጣ ቤታችን ገባሁ። ስደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ እጁን ይታጠብ ነበር። እናታችን ያሉኝን አንቺም ሰምተሻል፤ ጠበል የጠጣች መኪና መንገድ ላይ አትቆምም፣ ያቆመህ ቂምህ ነው።

ከሰልስቱ በኋላ ወልደ ኪዳን የሚባል የቢቸና መካኒክ ይዤ ወደ መኪናዋ ተመለስኩ። ራዲያተሩ ላይ የተገጠመች፣ አውራ ጣት የምታህል ማብሪያ አለች፤ ውኃው ሲግል ማራገቢያውን የምታስነሣው እሷ ናት። ወልደ ኪዳን ሁለቱን ሽቦዎች ከእሷ ነቅሎ እርስ በርሳቸው ሲያገናኛቸው ማራገቢያው ወዲያው ዞረ። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ አባታችንን በሕይወት አገኛቸው ነበር። ሽቦው እንደተገናኘ ስንመለስ ሞተሩ አንዴም አልፈላም፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

አዲሷ ማብሪያ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ መጣች። ወልደ ኪዳን የራዲያተሩን ውኃ አፍስሶ አሮጌዋን ፈታት። ሁለቱን ከባትሪና ከአምፑል ጋር እያገናኘ ተራ በተራ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ነከራቸው፤ አዲሷ አምፑሉን አበራች፣ አሮጌዋ ዝም አለች። ጫፏ ነጭ ነገር ለብሷል። በምላሴ ነካ አደረግሁት። ልጆች ሆነን ከጠበሉ ዳር ከድንጋዩ ላይ የምንልሰው ጨው ትዝ ይልሻል? ያው ነው፤ ማብሪያዋን ያፈናት እሱ ነው። ወልደ ኪዳን ምን ውኃ እንደምጨምር ጠየቀኝ። ስነግረው አማተበና፣ እኔ የማውቀው ብረት ነው፣ በጠበል ነገር አፌን አላስገባም ብሎ አዲሷን ማጥበቅ ጀመረ።

እንግዲህ አንቺው ፍረጂኝ። እውነቱን ብናገር እኔ ነጻ እወጣለሁ፤ እናታችን ግን ልጄን ከአባቱ የለየሁት በገዛ እጄ ነው እያሉ ነው የሚሞቱት። ባላቸውን ማጣታቸው ሳያንስ እምነታቸውንም ልውሰድባቸው? አላደርገውም። አንቺም ትንፍሽ እንዳትይ። ደምለው ያንን ክፉ ቃል ነግሮኝ ሲያበቃ ከጋቢው ሥር ምን እንዳወጣ ታውቂያለሽ? ቅል። ሰላምታ የለ፣ ቃል የለ፤ ጠበል እስከ አፉ ሞልተው ልከውልኛል። ተቆጥተውም መንገዱ ያሳስባቸዋል። ቅሉን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከዚያ ጠጣሁት፣ ፊቴንም ታጠብኩበት።

አሁን ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

ውድ እናቴ፤ እንዳሉት ነው። ያዘገየኝ ቂሜ ነው፤ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ለአርባው በእግሬ መጥቼ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ከደጅዎ እወድቃለሁ፤ ይማሩኝ። የላኩልኝ ጠበል ደርሶኛል። እንዳዘዙኝም መኪናዋ ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከመንገድ ክፉ የጠበቀኝ እሱ ነው። የአባባን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ለእርስዎም ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ይጨምርልዎ።

በዳዩ ልጅዎ