የሀሊማ ማንቆርቆሪያና የሰፈራችን ስኳር

ውድ ባለቤቴ ተስፍሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅህ፣ በሱቃችን ደጃፍ ለረጅም ዘመን በቅንነት ያገለገለው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ከነአራት እግሩ ማረፉን ነው። አደጋው የደረሰው ጎረቤታችን ሐጂ አብዲ ሳያስፈቅዱ ስለተቀመጡበት ነው። ሐጂ ተርፈዋል።

አንተ ከሄድክ ክረምት ገብቶ ወጣ። ጅጅጋ እዚያው ናት። ከካራማራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ዛሬም አቧራውን እኛ ሸቀጥ ላይ አራግፎ ያልፋል፤ እኔም እጠርጋለሁ። ሱቁን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና» እላለሁ። ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም፤ ዝም ብሎ ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው።

ከአርባህ በኋላ ልጃችን ሜሮን ጎትታ አስመረመረችኝ። እኔም ስኳር አለብኝ። ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ ቆጣሪ አንባቢው የመብራት ቁጥር ሲጠራልኝ እንደማዳምጠው አዳመጥኩ። ሜሮን ግን አለቀሰች፤ የእኔንም ድርሻ ጨምራ።

ዩኒቨርሲቲ የተማረችው መቼም ዝም አያሰኛትም፤ የብስኩት ካርቶን ቀድዳ ጀርባው ላይ ክብ ክብ ሣለች። ስኳር፣ ግፊት፣ ኩላሊት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጫት፣ ሻይ። ከዚያ ሁሉንም በመስመር አገናኘች። የመሥሪያ ቤት መዋቅር መስሎኝ ኃላፊው የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ኃላፊ የለውም እማዬ፤ መረብ ነው። አንዱን ክር ስትጎትቺ ሌላው ይንቀሳቀሳል። አባዬን የወሰደው አንድ በሽታ አይደለም፤ ተያይዘው ነው» አለችኝ። ተያይዘው! እኛ እኮ ስኳርህን ለብቻ፣ ግፊትህን ለብቻ፣ እንቅልፍህን ለብቻ ስናስታምም ነበር፤ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች።

ቀጥላ ሰዎቹን ሣለች። አንተን፣ እኔን፣ ሐጂን፣ ማዶ ያሉትን ጨርቅ ሻጮች። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ሱቅ ከሱቅ ሳሙና እንደምንበዳደረው አንተና ሐጂ ክኒንም ትበዳደሩ ነበር። ያንተ የስኳር፣ የእሳቸው የግፊት። «ክኒን ክኒን ነው፣ ወላል፣ ወንድሜ» ይሉህ ነበር፤ አንተም አመስግነህ ትውጣለህ። ሜሮን ይህን ስትሰማ እርሳሱ ከእጇ ወደቀ።

ብዙው መስመር የሚያልፈው ግን በሻይ ሻጯ በሀሊማ ማንቆርቆሪያ በኩል ሆኖ ተገኘ። ወተቱንም ቅመሙንም ስኳሩንም አብራ ነው የምታፈላው፤ ከእሷ ሳይጠጣ የሚውል ባለሱቅ ደግሞ የለም። ሜሮን «ሰዉን አንድ በአንድ ከመምከር እሷን ማስማማት ይሻላል» አለች። ሄጄ ስኳሩን ለብቻ አድርጊው ስላት «ስኳር የሌለው ሻህ የበሽተኛ ነው፣ አባዮ፣ እህቴ!» ብላ ጮኸችብኝ። «እኛስ ምንድን ነን?» አልኳት። ዞር ብላ በየደጃፉ የተቀመጥነውን ሁሉ አየች። በማግስቱ ስኳሩ በጣሳ ለብቻው መጣ።

ሐጂ የመጀመሪያውን ቀን «ዋላሂ፣ ይህ የዕቃ እጣቢ ነው» ብለው ማሉ። ግን ሰው ሁሉ እያያቸው ማንኪያ በማንኪያ ላይ መደረብ አፈሩ። ክኒንም ፍለጋ ሲመጡ በጄ አላልኳቸውም፤ ተኮሳትረው የራሳቸውን ማዘዣ ይዘው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዱ። እኔ በበኩሌ ከስኳር ጋር ተለያይቻለሁ። ሜሮንም ይህን ስነግራት አምናኝ ወደ ሥራዋ ወደ ሐረር ተመልሳለች።

ያንተን ነገር እንደሆነ አልረሳም። እንባው እምቢ ቢለኝም ጠዋት ጠዋት መዝጊያውን ስከፍት ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ደንበኛ ቢሰማ ይስማ።

ባለቤትህ

ማረሚያ፦ ከላይ «ከስኳር ጋር ተለያይቻለሁ» ተብሎ የተገለጸው ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ሀሊማ ያንተን ብርጭቆ እንደ ድሮው አጣፍጣ ማምጣቷን አላቋረጠችም፤ እኔም እንዳይቀዘቅዝ እያልኩ ስጠጣልህ ቆይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተም ያለ ስኳር እንዲመጣ የተወሰነ መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን።