የዑልያኖስ ሳንቲም እና የሶሊያና እጅ

እኔ አስፋ ወልደሰንበት፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ዛሬ ኅዳር ፳፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ በዕለተ መርቆሬዎስ፣ ጄኔቭ ከተማ፣ ኦኔ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ። ጸሐፊዬ ካሣዬ ነው። እባክህ አታሳምርልኝ፤ እንዳልኩህ ጻፍ።

አንደኛ፤ ቤት ያለው ንብረት ሁሉ የባለቤቴ የወይንሐረግ ነው። ከሰበሰብኳቸው የጥንት ሳንቲሞች፣ ንግሥት እሌኒ የተቀረጸችባት ትንሿ ነሐስም ለእርሷ ትሁን። ዕድሜዋን ሙሉ «ያን ከሃዲ ዑልያኖስን አውጣልኝ፣ እሌኒን ስጠኝ» ስትለኝ ኖረች። ብሰጣት ምን ነበረበት! ስስቴ ነው።

ሁለተኛ፤ የቀሩት የሮማ የነሐስ ሳንቲሞች ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ይሰጡ። ነገሥታቱ ዘውድ ደፍተው፣ ወደ ሰማይ አንጋጠው ይታያሉ፤ ሲገለበጡ ግን ወታደር የወደቀ ሰው ሲወጋ አለ። ልጆቹ ጀርባውንም ይዩ።

ሦስተኛ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው ተስሎ የምታዩት ዑልያኖስ፣ እርሱ ያለበት ትልቁ ሳንቲም ለልጄ ለሶሊያና ነው። ምክንያቱን ስሙኝ። በዚያ ሳንቲም በአገር ልጅ ፊት ስኮራ ኖሬአለሁ። ሶሊያና በዐሥራ አራት ዓመቷ፣ ለልደቴ ብላ፣ በአቸቶና በጨው ፈትጋ አብለጭልጫ አመጣችልኝ። «አባዬ፣ አዲስ አደረግሁልህ!» አለች። አረንጓዴው ዝገት የሳንቲም ቆዳ ነው፤ አይነካም። በእንግዳ ፊት «እጅሽን ይቁረጠው!» አልኳት። አላለቀሰችም። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ዙሪክ ገባች፤ ለእናቷ ትደውላለች፣ ለእኔ አትደውልም።

በዓመቱ ሳንቲሙን ይዤ ዙሪክ ለሚኖር የጥንት ሳንቲም አዋቂ አሳየሁ። ሳቀ። በዘመናችን ተቀድቶ የተሸጠ ሐሰተኛ ነው፤ ጥጉ ላይ የቀረው አረንጓዴም ዝገት ሳይሆን ቀለም ነው አለኝ። ልጄ ያበላሸችው ነገር አልነበረም። ቤቷ ከዚያ በትራም ሦስት ፌርማታ ነበር። አልሄድኩም። አፈርኩ፤ ይኸው ዐሥራ ሰባት ዓመት አፍሬ ቀረሁ።

ሳንቲሙን ያለ ጓንት አስነክቻት አላውቅም። አሁን በባዶ እጇ ትያዘው። ይህ አንቀጽ ሞቴን አይጠብቅ፤ አሁኑኑ ደውላችሁ አንብቡላት።

አስፋ ወልደሰንበት (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች፣ ካሣዬና ለተሚካኤል፣ ጋሽ አስፋ ሲናገሩ ሰምተናል፣ ሲፈርሙም አይተናል። ለተሚካኤል «ጋሼ፣ ኑዛዜ በቁም ይነበባል እንዴ?» ብትላቸው «እኔ እያለሁ ትቆጣኝ!» አሉ። እትዬ የወይንሐረግ ቁጥሩን በቃላቸው ደወሉ። አንቀጹን አነበብንላት፤ ሶሊያና እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ያን ቀን ስፈትገው አረንጓዴው ቀለም ጣቴ ላይ ቀርቶ ነበር። አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

ጋሽ አስፋ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። ይህንንም ጽፈን ፈርመናል።

ካሣዬ (ፊርማ)
ለተሚካኤል (ፊርማ)