ከደጅ ተጣርተው መልስ የጠበቁት የአቶ ተረፋ ኩማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተረፋ ኩማ ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ጃራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድርቤ አዱኛ በወለጋ ክፍለ ሀገር፣ ከነቀምቴ በስተምዕራብ በምትገኘው ዲጋ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው አስቀድመው ያስተማሯቸው ሰው ቤት እንዴት እንደሚኬድ ነበር። አጥር ጋ ቆመህ «ወረ መና፣ ጂርቱ?» የቤቱ ሰዎች፣ አላችሁ ወይ ብለህ ተጣራ፤ ሳይመልሱልህ አትግባ፤ ጠርተህም ጥለህ አትሂድ፣ ቅሬታ ይሆናል። ይህን ትምህርት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱም፤ ምነው በረሱት!

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በነቀምቴ አጠናቀው፣ በዘመቻው ካገለገሉና ሒሳብ ካስተማሩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ሚንስክ ከተማ ሄዱ። ያጠኑት ኮምፒዩተር ነው። አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በሆዱ ውስጥ ብዙ ኮምፒዩተሮች ያሉ አስመስሎ ሊሠራ ይችላል። እነዚያ በእጅ የማይዳሰሱት ማሽኖች በሙያው እንግዳ ይባላሉ፤ ትልቁ ማሽን አባወራቸው ነው። እንግዳው የራሱ ማተሚያም ሆነ ማከማቻ ስለሌለው ሁሉን ከአባወራው ይለምናል። አቶ ተረፋ የነደፉት ሁለቱ የሚነጋገሩበትን መገናኛ ነበር፤ እንግዳው ጥያቄውን ሁለቱም በሚያዩት ቦታ ያስቀምጣል፣ አባወራውን አንድ ጊዜ ይጣራል፣ መልስ ይጠብቃል። የዲጋ አጥር ሚንስክ ገባ ማለት ነው።

መምህራቸው ግን ለጥበቃው ገደብ ይበጅለት፣ መልስ ያጣ እንግዳ ዳግመኛ ይጣራ አሏቸው። እሳቸው ጨዋ እንግዳ አይነዘንዝም ብለው እምቢ አሉ። በፈተናው ቀን አባወራው ማሽን በሌላ ሥራ ተጠምዶ ጥሪውን ሳተው፤ እንግዳውም እንደቆመ ቀረ። ዲግሪው ቢሰጣቸውም ንድፋቸው ተጣለ። ስሕተታቸውን አመኑ፤ ከዚያ ወዲህ የነበራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነው፣ ንድፉን አርመው በማሽን ላይ ሲሠራ ማየት።

በ1977 ዓ.ም. ሲመለሱ የተመደቡት ነቀምቴ፣ በእጅ የሚዞር የሒሳብ ማሽን ብቻ ካለው መሥሪያ ቤት ነበር። አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ላለው መሥሪያ ቤት፣ ጥቂት የማሽን ሰዓት እንዲፈቀድላቸው አመለከቱ። ይጠብቁ ተባሉ፤ ጠበቁ። በ1978 ዓ.ም. ያገቧቸው ወይዘሮ ቀለሟ ባይሳ፣ «ተረፋ፣ ዝም ካሉህ ድጋሚ ተጣራ እንጂ! ማሽኑ ላይ ያየኸው አይበቃህም?» እያሉ ይወተውቷቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ሰምተውኛል፤ ሥራ ይዟቸው ነው» ይሉ ነበር። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል እንደሚባለው ሁለት ልጆች ወለዱ። መሥሪያ ቤቱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አምና የጀመራቸው የጉበት ሕመም ጠናባቸው። በመጨረሻው ሳምንት ከአጥር ውጭ ሰው ሲጣራ መልሱ የመጣ መስሏቸው ከአልጋቸው ቀና አሉ። ሊጠይቃቸው የመጣ ጎረቤት ነበር። ተመልሰው ተኙ፤ የካቲት 11 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ33 ዓመታቸው ዐረፉ።

እናታቸው ወይዘሮ ድርቤ፣ ወይዘሮ ቀለሟ፣ ልጆቻቸው ሌንሳና ኦብሳ፣ እኛም ወንድሞቻቸው ቀርተናል። መልሱ እስከ ዛሬ ጠዋት አልደረሰም፤ ቢደርስም ንድፉን የሚያርም ሰው የለም። ተጽናንተናል ብለን በአስከሬናቸው ፊት አንዋሽም። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። ወንድማችን ሁለተኛ መጣራት አያውቁምና፣ ጌታ ሆይ፣ በመጀመሪያው ጥሪያቸው ስማቸው።