እማዬ ጥርሷን ካሳጠበች ወዲህ

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ላይ አጎንብሶ የሚውል ወገብ እንደ ሌላው «ደኅና ነው» ተብሎ ስለማይታለፍ ለብቻው ጠይቄዋለሁ። ዓይንሽስ? ያ ትከሻሽን የሚወጋሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አብሮሽ ከረመ? እንቅልፍ ትተኛለሽ? ምሳሽን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ አሁንም በሁለት ታካሚ መሃል ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ናፍቆትሽ ግን ቤታችን ውስጥ እንደ አንድ ሰው ተቀምጦ ይውላል።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ የለም። ስልኩን ታውቂዋለሽ፤ ስትደውዪ እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው መሃል ታስቀምጠዋለች፤ እኔ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ልተነፍስ ስል ቅንድቧ ይነሣል። ያቺን ቅንድብ አንቺም ፈርተሻት ነው ያደግሽው። ስለዚህ እሷ ከስፌት ሱቃችን ፊት ሆና የደንበኛ ልኬት ስትወስድ፣ እኔ ከኋላ ካውያው እስኪግል የምጠብቅ መስዬ እጽፋለሁ። ካውያው ከጋለ ቆይቷል። መስመሩ ቢንጋደድብሽ ከፍርሃቴ ነው። ኮቱን ሊወስድ የሚመጣ አንድ ደንበኛችን ወደ አንቺ አገር ስለሚጓዝ በእሱ እልክልሻለሁ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ። አንቺ ይህን ጥርስ የማጠብ ሙያ ከያዝሽ ጀምሮ «እማዬ ጥርስሽን አሳጥቢ፣ በስድስት ወር አንዴ አሳጥቢ» ሳትዪ ስልክ ዘግተሽ አታውቂም። እሷም «በየጠዋቱ እቦርሸዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርገው፣ ልቀቅለው?» እያለች ታስቅሻለች። በጥርሷ ያላትን ኩራት መቼም አትረሺውም። ይህን ሁሉ ዘመን ስትሰፋ ክር በመቀስ ቆርጣ አታውቅም። «መቀስ ለጨርቅ፣ ጥርስ ለክር» ትላለች፤ እኔንም ክር በመቀስ ስቆርጥ ካየችኝ ልጇ መሆኔን ትጠራጠራለች። አባዬ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ሲያስቀምጥ ደግሞ «ዋናተኛው ባሌ» እያለች ታሾፍበታለች።

በመጨረሻ የረታት አንድ የሙሽራ ቀሚስ ነው። ጠርዙን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ነጩ ጨርቅ ላይ የደም ጠብታ ቀረ። «መርፌ ወጋኝ» አለች። መርፌው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እኔም አይቻለሁ፣ ማየቴንም አይታለች። ጠብታዋን በቀዝቃዛ ውኃ ስታስለቅቅ ቆይታ «በል እሺ፣ ውሰደኝና ያቺ ልጅ ትረፍ» አለችኝ። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ።

ክሊኒኩ ከጫማ መደብሩ በላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ውስጡ ግን ንጹሕና ብርሃን የሞላበት። «አብረን እንታጠብ» ብዬ አደፋፈርኳት። ጥርስ የምታጥበው ልጅ እንዳንቺው ለስላሳ ናት። «እማማ፣ ካመመዎት እጅዎን ያንሡ» አለቻት፤ እማዬ ግን በሁለቱም እጇ የኔን ጣት ጨምቃ ስለያዘች የምታነሣው እጅ አልነበራትም። መሣሪያው ሲጮህ፣ ውኃው ሲረጭ ሁሉ ቻለችው። «ይትፉ» ስትባል ግን ሳህኑ ላይ የወደቀውን አይታ ደርቃ ቀረች። ጥቁርና ቡናማ ስብርባሪ ነው። «ውይ ጥርሴን!» አለች። ልጅቱ ጥርስ አለመሆኑን፣ ለዓመታት ተጋግሮ ጠጠር የሆነ ቆሻሻ መሆኑን አስረዳቻት። እማዬም በትሕትና «እሺ የኔ ልጅ» አለች። ልጅቱ ፊቷን ስታዞር ግን ስብርባሪውን በሶፍት ለቅማ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

እህቴ፣ ያ ሶፍት አሁንም አለ። የቁልፍ መሳቢያው ውስጥ፣ የካፖርት ቁልፎች ጎን ነው የሚቀመጠው።

በማግስቱ ሱቅ ገባን። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ የእጅጌ ስፌት ጨረሰች፣ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ክሩን ነከሰች። ከዚያ ቀና አለች። ምላሷ ከንፈሯ ሥር ወዲያ ወዲህ ሲል ብቻ ይታየኛል። የታች የፊት ጥርሶቿ ተነቃንቀዋል፤ በመሃላቸውም ክፍተት ታይቷል። «ንፋስ ይገባኛል» አለች፣ ቀጥሎም «አጽድተው ሳይሆን አፍርሰው ነው የሰደዱኝ» አለች። መቀሱን እንዳቀብላት ስትጠይቀኝ እጄ ከበደኝ፤ እሷም ስትቀበለኝ አላየችኝም።

ከዚያ ወዲህ ሶፍቱ ለደንበኛ ሁሉ ይታያል። «ይኸውላችሁ የጥርሴ ስብርባሪ» ትላለች። ጎረቤታችን ባለሱቋ ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ ሶፍቱን ባየች ቀን ሰረዘችው። ፀጉር ሠሪዋም እንዲሁ። ልብስ ለማስጠበብ የመጣ ሰው ጥርሱን ላለማሳጠብ ምሎ ይወጣል። የእማዬ አፍ ከየትኛውም ማስታወቂያ እንደሚበልጥ አንቺ ታውቂያለሽ።

እኔ ግን በዚያው ቀን በዚያችው ልጅ እጅ ታጥቤ ምን እንዳገኘሁ ልንገርሽ። ስቦርሽ የሚደማው ድዴ ተወ። ጠዋት ስነሣ አፌ ውስጥ የነበረው የዛገ ብረት ጣዕም ጠፋ፤ ባለቤቴ እንኳ «ምን ሆነህ ነው ቀርበህ የምታወራው?» አለችኝ። ስድስት ወር ሲሞላ ተመልሼ ሄድኩ። እማዬ ቁማር ቤት የምገባ ይመስል ከበር ላይ ሆና አየችኝ። ዘንድሮ የታጠበ ጥርስ ለዘላለም ታጥቦ አይቀርም፤ ብሩሽ የማይደርስበት አለ፣ እየተጠራቀመ ሳይደነድን ማስጠረግ ነው ስትዪ የኖርሽው አሁን በራሴ አፍ ገባኝ።

ያን ቀን ልጅቱን ስለ እማዬ ጠየቅኳት። እጇን አጣጥፋ አሰበችና፣ ጠጠሩ ከድዷ ሥር ወርዶ ጥርሱ የቆመበትን አጥንት ሲበላው መኖሩን፣ ጥርሱ በመጨረሻ በጠጠሩ ላይ ተደግፎ መቆሙን ነገረችኝ። «እኛ አላነቃነቅነውም፤ ተነቃንቆ የኖረው ነው የታየው» አለች። ከወጣትነቷ ጀምራ በየጊዜው ብትመጣ ኖሮ ነገሩ ከቀላል ጽዳት አያልፍም ነበር። አሁንም በየሦስት ወሩ ከመጣች፣ ከድዱ ሥር ካጸዱላት ሌሎቹን ማትረፍ ይቻላል፤ የላሉትንም በቀጭን ሽቦ ያስሩላታል። «ብቻ ይምጡ፤ አይዘግዩ» አለችኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው አይደል?

ቤት ስመጣ እየሮጥኩ ነው የነገርኳት። እማዬ ጨርቅ እያሰመረች ሰማችኝና «በየሦስት ወሩ የሚደገም ነገር ሕክምና ነው? እኔ የሰፋሁት ልብስ በየሦስት ወሩ ይሰፋል?» አለች። ያኔ የልብ ልብ ተሰምቶኝ መኪናዋን አሳየኋት። አስቢው እስቲ፣ በየቅዳሜው የመርፌውን ሥር ፈትታ፣ የተጠራቀመውን የክር ብናኝ በብሩሽ ጠርጋ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ ካልዘጋች ቤት አትገባም። «ከኔ ዕድሜ የሚበልጠው መኪና ዛሬም የሚሰፋው ስለምታጸጂው አይደለም? ዓመት ሙሉ ባይጸዳ ምን ይሆን ነበር?» አልኳት። ረታኋት ብዬ ነበር። «መኪናው ጥርስ የለውም» አለችና ጠመኔዋን አነሣች።

አባዬም የአቅሙን ሞከረ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ጥርሱን አውጥቶ ሳህኑ ጎን አስቀመጠና፣ በባዶ ድዱ «ይኸው መጨረሻው፣ የኔ እመቤት፣ እኔን አይተሽ ተመከሪ» ሊላት ሞከረ። ግማሹ ቃል በአየር ወጣ። እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፤ አባዬ ብቻ አልሳቀም። ሳቋን ስትጨርስ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ በላች። ቅርፊቱን ትታዋለች። ያቺ የዳቦ ቅርፊት ላይ ስንት ጊዜ እንደተጣላን ታስታውሻለሽ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከወር በፊት አንድ ጠዋት ሱቁን ልከፍት ቀድሜ ስመጣ እሷ ቀድማኛለች። የደንበኞች መስታወት ፊት ቆማ፣ የካፖርት ቁልፍ የምትተክልበትን ወፍራም ክር ይዛ፣ የሚነቃነቁትን ጥርሶቿን ከጤነኞቹ ጋር እየሰፋች ነው። እየሰፋች ስልሽ ሌላ ቃል አጥቼ ነው፤ ክሩን በጥርሶቿ መሃል እያሾለከች ትጠመጥማለች። ከኋላ በኩል መቋጠር አልሆነላትም። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና አልደነገጠችም። «ና፣ ቋጥርልኝ፤ ጣትህ ቀጭን ነው» አለችኝ።

ልጅቱ ያን ቀን፣ ስለ ሽቦው ስትነግረኝ፣ ቤት ውስጥ በክር እንዳናስር አስጠንቅቃኛለች። ክር ድዱን ይቆርጣል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ ያባብሳል እንጂ አያድንም ብላኛለች። ይህን እያወቅሁ፣ እህቴ፣ ቋጠርኩላት። እናቴ አፏን ከፍታ ስትጠብቀኝ ምን ላድርግ? እናት ልጇ ፊት አፏን ከፍታ ስትቆም አይተሽ አታውቂም። እሷም አፍራ ዓይኗን ጨፍናለች። ቋጠሮው ይላላል፣ ስለዚህ በየቅዳሜው መኪናዋን ካጸዳች በኋላ ትጠራኛለች፤ እኔም አዲስ እቋጥራለሁ። የሚደገም ነገር ሕክምና አይደለም ያለችው ሴትዮ! ይህን ብነግራት እንደገና «መኪናው» ትለኛለች ብዬ ተውኩት።

ለምን ክሊኒክ እንደማትሄድ መጨረሻ ላይ ራሷ ነገረችኝ። ልጅቱን ፈርታ ብቻ አይደለም። «የኔ ልጅ እጅ ቢሆን እንዲህ አያደርገኝም ነበር፤ እስክትመጣ እጠብቃታለሁ፣ እሷው ታጥበኛለች» ነው የምትለው። አንቺ «በቅርቡ» ስትዪ እሷ ቀን ትቆጥራለች። የመኖሪያ ወረቀትሽ ጉዳይ መቼ እንደሚያልቅ እንደማይታወቅ እኔ አውቃለሁ፣ አባዬም ይጠረጥራል። እሷ ግን ለመምጫሽ ቀሚስ ሰፍታለች፤ የጠርዙ ጫፍ ብቻ ቀርቶ ሰቅላዋለች። ለአንቺ «ጥርሴ እንደ መስታወት ሆኗል፣ ተባረኪ» የምትልሽም ቸኩለሽ እንዳትጨነቂ ነው። አንቺን ትጠብቃለች፤ ጥርሷ ግን አንቺን አይጠብቅም።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፣ እሱም ክፉ ነገር ነው። ስትደውዪ «አልመጣም፣ ቶሎ አልመጣም፣ እዚያችው ልጅ ጋ ሂጂ» በያት። «በቅርቡ» አትበያት። ተስፋዋን ቆርጠሽ ጥርሷን አትርፊልኝ ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጽፌው ራሴም ሆድ ባሰኝ። ብትነግሪያትም መሄዷን እርግጠኛ አይደለሁም። መናገር ካቃተሽ ደግሞ አልፈርድብሽም፤ እኔም እያወቅሁ ቋጣሪ ሆኛለሁ። ሌላ መላ ካለሽ ላኪልኝ፤ እኔ መላ አልቆብኛል።

ልኬቱን ጨርሳ ደንበኛውን ሸኘች። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ይኸው ብሩሿን አንሥታ የመኪናውን ሥር እየፈታች ነው። ከመኪናው ቀጥሎ የኔ ተራ ነው።

አባዬ ጉንጭሽን ስሞሻል፤ «እኔ እንኳ ዋናተኛ ሆኜ ቀረሁ፣ እናትሽን አድኚያት» ብሏል። ባለቤቴ አብዝታ ሰላም ብላሻለች፤ እሷም ከኔ ጋር መታጠብ ጀምራለች፣ በድብቅ ነው። አክስታችን ጉልበቷን ቢያማትም እንደ ጥንቱ ትስቃለች፣ ሳመችሽ። ባለሱቋም «ሰላም በልልኝ» ብላለች፤ ከሶፍቱ ወዲህ ጥርሷን በእጇ ሸፍና ነው የምታወራው።

እማዬን «ደብዳቤ ብጽፍ ምን ልበልልሽ?» ብዬ እንደዋዛ ጠይቄያት ነበር። ክሩ እንዳይላላ ከንፈሯን ብዙም ሳትከፍት እንዲህ በላት አለችኝ፦ «ልኬትሽ ካልተለወጠ ቀሚሱ ደርሷል። የመጨረሻዋን ክር ስትመጪ በጥርሴ እቆርጣታለሁ፤ ላንቺ ብዬ ነው ያልቆረጥኳት።»

ወንድምሽ

ከሱቃችን የኋላ ክፍል፣ ካውያው አጠገብ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን